ጥጉ የጎደለው ካሬ

የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ፈተና ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው እነሱ ቤት አድሬ ነበርና ከመኝታ ክፍሏ የሚወጣውን ድምፅ ስሰማ ዳዊት የምትደግም መሰለኝ። ጆሮዬን ጣል ባደርግ የኳድራቲክ እኩልዮሽ መፍቻ ቀመር ነው፤ «ሲቀነስ ቢ፣ ሲደመር ወይም ሲቀነስ ስኩዌር ሩት፣ ቢ ስኩዌር ሲቀነስ አራት ኤ ሲ፣ ሁሉም ለሁለት ኤ»። አንድ ቦታ እንኳ አልሳተችም። በሩን ከፍቼ ገባሁና «ይህ ነገር ምን ይሠራል?» አልኳት።

«ኤክስን ያወጣል።»

«ኤክስ ወጥቶስ?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ፈተና ላይ ይመጣል፣ አጎቴ።»

ልጅቷን አልወቅሳትም። እኔም በእሷ ዕድሜ ያንኑ ቀመር በዚያው ዜማ ይዤ ፈተናውን አልፌአለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ማን ለምን እንዳወጣው ሳልጠይቅ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ቀመሩ መልስ ነው። ጥያቄው ግን ከመማሪያ መጽሐፉ ላይ ወድቆ ቀርቷል። ሰው ያልጠየቀውን ጥያቄ መልስ በቃሉ ሲሸመድድ ቢሰለቸው አይፈረድበትም። ሒሳብ የሚጥመው የወደቀው ጥያቄ ተነሥቶ ወደ ቦታው ሲመለስ ነው እላለሁ፤ ጥያቄውን ፍለጋ የሚወጣ ሰው ደግሞ ወይ እንቆቅልሽ ውስጥ ያገኘዋል፣ ወይ ታሪክ ውስጥ።

ከእንቆቅልሽ እንነሣ። ነብር፣ ፍየልና ቅጠል ይዞ ወንዝ ዳር የቆመውን ሰውዬ የማያውቅ ጥቂት ነው። ታንኳው ከሰውየው ጋር አንዱን ብቻ ይይዛል። ነብሩን ከፍየሏ ጋር ትቶ ከሄደ ፍየሏ ትበላለች፤ ፍየሏን ከቅጠሉ ጋር ከተወ ቅጠሉ ያልቃል። መጀመሪያ ፍየሏን ማሻገር እንዳለበት ሁሉም ልጅ ወዲያው ይናገራል። ከዚያ ነው ጭንቁ። ነብሩን ቢያሻግር ማዶ ፍየሏን ያገኛታል፤ ቅጠሉን ቢያሻግር ማዶ ፍየሏ ታገኘዋለች። ብዙው ልጅ እዚህ ሲደርስ «አይቻልም» ይላል። እኔም ብያለሁ። መፍትሔው ያሻገራትን ፍየል ይዟት ተመልሶ መምጣት ነው፤ ይህ የሚከብደው ስሌት ስላለበት ሳይሆን አእምሯችን አንዴ ያሻገረውን መልሶ ማምጣት እንደ ኪሳራ ስለሚቆጥረው ነው። ታንኳው በድምሩ ሰባት ጊዜ ይቀዝፋል፤ ስድስት የሚበቃው ሰው ካለ ልስማው።

ይኸው ጥያቄ በተኩላ፣ በፍየልና በጎመን ተተክቶ ከዛሬ 1200 ዓመት ገደማ በፊት በላቲን በተጻፈ የእንቆቅልሽ ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ስብስቡ የሚነገረው የንጉሥ ሻርለማኝ ቤተ መንግሥት ሊቅ የነበረው አልኩዊን እንዳዘጋጀው ሲሆን ርእሱም የወጣቶችን አእምሮ መሳያ እንደ ማለት ነው። ቢላ እንደሚሳለው። የእኛ ሰዎች ከዚያ ወስደውት ይሁን ከሌላ፣ ወይም ራሳቸው አስበውት ይሁን፣ ለእኔ የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ ይህን እንቆቅልሽ ሲሰማ «ፈተና ላይ ይመጣል ወይ?» ብሎ የጠየቀ ልጅ አላጋጠመኝም።

መልመጃና ጥያቄ የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። መልመጃ ማለት መንገዱን አሳይተውህ ሃያ ጊዜ ተመላለስበት ማለት ነው። ጥያቄ ግን መድረሻውን ያሳይህና መንገዱን ለአንተ ይተወዋል። መልመጃ እጅን ያፍታታል፣ አስፈላጊም ነው። ቀኑን ሙሉ መልመጃ ብቻ የሚሠራ ልጅ ግን መዶሻ መያዝ ተምሮ ወንበር ሠርቶ እንደማያውቅ የአናጢ ደቀ መዝሙር ነው።

አሁን ወደ ገበያ እንሂድ። አንዱን እንቁላል በ15 ብር ሒሳብ 21 እንቁላል ልትገዙ ነው፤ ማባዛት የማይችል፣ ግን ማጠፍና መግመስ የሚችል ሰው ስንት እንደሚከፈል እንዴት ያውቃል? በአንድ ወገን 21ን እየገመሰ ይወርዳል፤ ግማሽ ከመጣ ይጥለዋል። በሌላው ወገን 15ን እያጠፈ ይወርዳል፦

21 — 15
10 — 30
5 — 60
2 — 120
1 — 240

ከዚያ በግራ በኩል ሙሉ (ለሁለት እኩል የሚገመስ) ቁጥር ያለባቸውን መስመሮች፣ ማለትም 10ንና 2ን፣ ይሰርዛል። ከጎደሎዎቹ ፊት ለፊት የቀሩትን ይደምራል፦ 15፣ 60 እና 240። ድምሩ 315። በምታውቁት መንገድ አባዙትና አመሳክሩት፤ ያው ነው።

እዚህ ላይ መምህሩ «ዘዴው ይህ ነው፣ ያዙት» ብሎ ቢያልፍ ሌላ ቀመር ጨመረ እንጂ ምንም አልሠራም። ጉዳዩ «ለምን?» ላይ ነው። ግማሹን እየጣልን፣ ሁለት መስመር እየሰረዝን፣ መልሱ እንዴት አልተዛባም? እንቁላሎቹን አስቡና ጥንድ ጥንድ አድርጓቸው። 21 እንቁላል አሥር ጥንድ ሆኖ አንድ ይተርፋል፤ የተረፈውን 15 ብር ለብቻ አስቀምጡ። አሁን ዋጋቸው 30፣ 30 ብር የሆነ አሥር ጥንዶች አሉ። እነሱንም ሁለት ሁለቱን ስታገናኙ 60፣ 60 ብር የሚያወጡ አምስት አራት አራቶች ይሆናሉ፤ የሚተርፍ የለም፣ ስለዚህ ለብቻ የሚቀመጥም የለም። ሙሉው መስመር የተሰረዘው ለዚህ ነው። አምስቱን ስታገናኙ ሁለት ስምንቶች ሆነው አንድ አራት ይተርፋል፤ 60 ብር ለብቻ። ሁለቱ ስምንቶች አንድ አሥራ ስድስት ይሆናሉ፤ 240 ብር። የተደመረው ሁሉ የትራፊ ድምር ነበር። የጣልነው የመሰለን ግማሽ ኪሳችን ውስጥ ነበር።

ይህ ዘዴ በውጭው ዓለም የኮምፒውተር ፕሮግራም በሚማሩ ሰዎች ዘንድ «የኢትዮጵያ ማባዛት» እየተባለ ለልምምድ ይሰጣል፤ «የሩሲያ ገበሬዎች ማባዛት» የሚሉትም አሉ። የማን ነው ብዬ አልሟገትም፤ የጥንት ግብፆች እሱን በሚመስል መንገድ ያባዙ እንደነበር አሕመስ የተባለ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የገለበጠው የፓፒረስ ጥቅል ይመሰክራል። እነሱ እየገመሱ በመውረድ ፋንታ አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ስድስት እያሉ አጥፈው 21ን የሚሞሉትን ይመርጣሉ፦ 16፣ 4 እና 1። ኮምፒውተርም 21ን የሚያውቀው እንዲሁ ነው፤ 10101 ብሎ ይጽፈዋል። አሥራ ስድስት አለ፣ ስምንት የለም፣ አራት አለ፣ ሁለት የለም፣ አንድ አለ።

እንቁላሉ የገበያ ጥያቄ ነበር። ቀጥሎ ያለው የሰማይ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልሄድበት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም በየዓመቱ ውጤቱን በቀን መቁጠሪያ ላይ እያየን ጥያቄውን ግን ለሊቃውንቱ ትተነዋል። ፋሲካ እሑድ መዋል አለበት። ከሙሉ ጨረቃም በኋላ መዋል አለበት። በዓመቱ ውስጥም ወቅቱን መልቀቅ የለበትም። ሳምንቱ በሰባት ቀን ይዞራል፣ ጨረቃ በሃያ ዘጠኝ ቀን ተኩል ገደማ፣ ፀሐይ በ365 ቀን ከሩብ ገደማ። አንዱ ለሌላው በእኩል አይካፈልም። ሦስት የማይስማሙ ጎረቤታሞችን በአንድ ቀን አስታርቅ ነው ነገሩ። ባሕረ ሐሳብ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው፤ በትውፊት የእስክንድርያው አሥራ ሁለተኛ ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ እንደደረሰው ይነገራል።

የ2018 ዓ.ም.ን ፋሲካ አብረን እናውጣ፤ የሚያስፈልገው ማካፈልና ቀሪውን ማየት ብቻ ነው። 2018 ላይ 5500 ሲጨመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል። በሂደት ላይ ያለው ዓመት አይቆጠርምና አንድ ሲቀነስ 12፤ ይህ ወንበር ይባላል። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው 12፤ አበቅቴ። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው 18፤ መጥቅዕ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ቁጥሮቹን «እናንተ ከየት መጣችሁ?» ማለት ይገባል። 11 ከጨረቃና ከፀሐይ ነው የመጣው፤ አሥራ ሁለት ጨረቃ 354 ቀን ያህል ነው፣ ዓመቱ 365፣ ልዩነቱ 11። ጨረቃ በየዓመቱ 11 ቀን ትቀድማለች፤ የተጠራቀመው ሠላሳ ሲሞላ አንድ ወር ሆኖ ይወጣል፣ የተረፈው አበቅቴ ነው። ማካፈያው 19 ደግሞ የመጣው 19 የፀሐይ ዓመትና 235 የጨረቃ ወር በሁለት ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሚለያዩ ነው፤ አቴናዊው ሜቶን በዚህ ዑደት የታወቀው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 ነው። ማባዣው 19 ግን ሌላ 19 ነው። እሱ 30 ሲቀነስ 11 ነው። ለዚህ ነው አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ተደምረው 30 የሚሆኑት፤ የእኛዎቹ 12 እና 18 እንደሆኑት። ሁለቱን 19ኞች አንድ እያደረግሁ ብዙ ጊዜ ተደናግሬአለሁና ሌላ ሰው በዚያ እንዳይደክም ብዬ ነው።

እንቀጥል። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል፤ 14 ራሱ ሆኖ አይመጣም (አሥራ ዘጠኙንም ወንበር ብትሞክሩ ታዩታላችሁ)። ስለዚህ የእኛው መስከረም 18 ነው። መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ስለነበረ መስከረም 18 እሑድ ይሆናል። አሁን ተውሳክ የሚባል ቁጥር ይጨመራል፦ ቀኑ ቅዳሜ ከሆነ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። የእኛው እሑድ ነውና 18 እና 7፣ 25። ከመስከረም 25 አራት ወር ሲቆጠር ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ገባ ማለት ነው። ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ሚያዝያ 4፤ ፋሲካ።

የተውሳኩን ዝርዝር በቃል የያዙ ሰዎች ብዙ ናቸው። ቁጥሮቹ ለምን እንዲያ እንደሆኑ ግን እኔ ያወቅሁት ወረቀት ይዤ ስቀመጥ ነው። ከቅዳሜ 8 ቀን ቁጠሩ፣ እሑድ ላይ ትወድቃላችሁ። ከእሑድ 7፣ እሑድ። ከሰኞ 6፣ እሑድ። ከየትኛውም ቀን ብትነሡ ተውሳክ ወደ እሑድ ይወስዳችኋል። ታዲያ ነነዌ ሁልጊዜ ሰኞ የሚገባው እንዴት ነው? ከመስከረም 25 እስከ ጥር 25 አራት ወር፣ 120 ቀን ነው፤ 120 ለ7 ሲካፈል 17 ደርሶ አንድ ይቀራል። ያቺ አንዷ እሑድን ሰኞ አደረገቻት። ከሰኞ 69 ቀን ደግሞ ዘጠኝ ሳምንት ከስድስት ቀን ነው፤ ሰኞና ስድስት እሑድ። ቁጥሮቹ በዘፈቀደ የተቀመጡ አይደሉም፤ እንደ ድንጋይ ካብ አንዱ ሌላውን ደግፎ ይዟል። በዩኒቨርሲቲ «የቀሪ ሒሳብ» ዓይነት ትምህርት ሲጀመር ተማሪው ባዕድ አገር የገባ ይመስለዋል፤ አያቱ ግን የጾሙን መግቢያ የሚሰማው ከዚያው አገር ነበር።

አሁን የእህቴ ልጅ ጋ እንመለስ፤ መኝታ ክፍሏ ውስጥ ትተናት ነበር።

«ወረቀትና መቀስ አምጪ» አልኳት። ቀመሩን ትተን እንዲህ አልኳት፦ አንድ ካሬ መሬት አለ፤ ጎኑ ስንት እንደሆነ አናውቅም። የካሬው ስፋትና የጎኑ አሥር እጥፍ ሲደመሩ 39 ይሆናሉ። ጎኑ ስንት ነው?

ጥያቄው የእኔ አይደለም። ከ1200 ዓመት ገደማ በፊት፣ በከሊፋው አል-ማሙን ዘመን፣ ባግዳድ ውስጥ መሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ የጻፈው ነው። ኤክስ የለም፣ የመደመር ምልክት የለም፤ ሁሉም በቃላት ነው። የጻፈውም ሰዎች በውርስ ክፍፍል፣ በንግድና በመሬት ልኬት እንዲጠቀሙበት መሆኑን በመግቢያው ተናግሯል። ከእሱም ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ አስቀድመው የባቢሎን ጸሐፍት በሸክላ ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ አስፍረዋል። «ኤክስ ወጥቶስ?» ብዬ ለጠየቅሁት መልሱ ይኸው ነው፤ ወንድማማቾች መሬት ይካፈላሉ።

ልጅቷ ካሬ ወረቀት ቆረጠች። አሥር እጥፉስ? እሱ አንዱ ጎኑ የካሬው ጎን፣ ሌላው ጎኑ አሥር የሆነ ረጅም አራት ማዕዘን ነው። አጠገቡ አስቀመጠችው። «አሁን የተንዘላዘለ ነገር ሆነ» አለች። እውነቷን ነው። የአል-ኸዋሪዝሚ ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ ረጅሙን ቁራጭ መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ወርዳቸው አምስት አምስት የሆኑ ሁለት ቁራጮች ያደርጋል፣ አንዱን በካሬው ቀኝ፣ አንዱን ከካሬው ሥር ያስጠጋል። ልጅቷ አስጠጋችና ዝም ብላ አየችው። ወረቀቶቹ ተገጣጥመው ትልቅ ካሬ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም፤ አንድ ጥግ ብቻ ጎድሏል።

«ይቺ ብትሞላ!» አለች ጣቷን ጥጉ ላይ አድርጋ።

ብትሞላስ ስንት ትሆናለች? በአንድ በኩል አምስት፣ በሌላው አምስት፤ 25። ያለን 39 ነበር፤ 25 ስንጨምር 64። 64 ስፋት ያለው ካሬ ጎኑ ስምንት ነው። ከስምንቱ አምስቱ የተለጠፈው ነውና የመጀመሪያው ካሬ ጎን ሦስት። ሦስት ጊዜ ሦስት ዘጠኝ፣ አሥር ጊዜ ሦስት ሠላሳ፤ 39። ራሷ ናት እስከ መጨረሻው የቆጠረችው፤ እኔ ከመቀሱ በቀር የረዳሁት የለም።

ከዚያ ደብተሯን ከፍታ ቀመሩን ከወረቀቱ ጋር ታስተያይ ጀመር። የቢ ግማሽ የተሰነጠቀው ቁራጭ ነው። ቢ ስኩዌር የሚለው ከጥጉ ነው የመጣው። ስኩዌር ሩቱ «የትልቁ ካሬ ጎን ስንት ነው?» ማለት ነው። ሲቀነስ ቢ የሚለው የለጠፍነውን መልሶ መንቀል ነው። ቀመሩ ጥግ መሙላት ነው፣ ሌላ አይደለም። ደብተሯ ግን 3ን ብቻ ሳይሆን ሲቀነስ 13ንም መልስ ነው ይላታል፤ አል-ኸዋሪዝሚ ይህን አልተቀበለም። ጎኑ ከዜሮ ያነሰ መሬት ማን አይቶ ያውቃል?

አልጀብራ የሚለው ስም ራሱ ከዚሁ ሰው መጽሐፍ ርእስ የወጣ ነው። አል-ጀብር በዐረብኛ የተሰበረን መግጠም፣ የጎደለን ወደ ቦታው መመለስ ማለት ነው፤ አጥንት መግጠምም በዚያው ቃል ይጠራል። በቀድሞው ስፓኝኛ አልጀብሪስታ ማለት ወጌሻ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እኩልዮሽ ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ የወለቀ ክንድ ነው።

መምህራን ይህን ሲሰሙ የሚሉትን አውቃለሁ። አንድ ክፍለ ጊዜ አርባ ደቂቃ ነው፣ ተማሪው ስልሳ፣ መቀስ የት አለ፣ ብሔራዊ ፈተናው ደግሞ ወረቀት ቆረጣ አይጠይቅም። ልክ ናቸው። ሁሉን ትምህርት በዚህ መንገድ መስጠት አይቻልም፣ እኔም አልልም። ቃል ማጥናትንም አልነቅፍም፤ የአብነት ተማሪ ባሕረ ሐሳቡን በቃሉ ይዞ ነው የኖረው፣ የማባዣ ሠንጠረዥም በቃል ካልተያዘ ልጁ እያንዳንዷ እርምጃ ላይ ይደናቀፋል። የምለው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። በአርባ ደቂቃው ውስጥ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ለጥያቄው ስጡት፤ ልጆቹ ይሳሳቱ፣ ይጨቃጨቁ፣ «አይቻልም» ይበሉ። ቀመሩ ከዚያ ሲመጣ እንደ እንግዳ ይቀበሉታል፤ ሳይጠራ ሲመጣ ግን እንደ ግብር ሰብሳቢ ነው የሚያዩት። በተለይ አንድ ነገር እለምናለሁ፤ ልጁ ሲያቅተው ቶሎ መልሱን አትንገሩት። ያን ጊዜ ነው እየሠራ ያለው።

ታሪክ ሲነገርም ጥንቃቄ አይከፋም። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጋውስ በልጅነቱ ከ1 እስከ 100 ያሉትን ቁጥሮች ደምር ሲባል ወዲያው 5050 አለ የሚለውን ታሪክ ሁላችንም እንወደዋለን፤ ጋውስ ከሞተ በኋላ ወዳጁ ባሳተመው የሕይወት ታሪክ ውስጥ ግን አስተማሪው የሰጠው ከ1 እስከ 100 ነው የሚል የለም፤ ቁጥሩ በኋላ ተራኪዎች አፍ የገባ ነው። ዘዴው ግን ልክ ነው፤ አንድና መቶ፣ ሁለትና ዘጠና ዘጠኝ እያሉ ሲያጣምሩ ሃምሳ ጥንድ 101 ይመጣል። ተረቱን እንደ ተረት፣ ስሌቱን እንደ ስሌት ማቅረብ ነው።

ልጅቷ ግን አልተኛችም። ወረቀቶቹን ሰብስቤ ልወጣ ስል «አጎቴ፣ ካሬው ሳጥን ቢሆንስ?» አለችኝ።

ይህቺን ጥያቄ ሰዎች ለዘመናት ተቸግረውባታል። ጎኑ ያልታወቀ ኩብ አለ፤ የኩቡ ይዘትና የጎኑ ስድስት እጥፍ ሲደመሩ 20። እዚህ ላይ መልሱ 2 መሆኑን በግምት መድረስ ይቻላል፤ ለማንኛውም ቁጥር የሚሠራ ቀመር ግን አልነበረም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጣሊያኗ ቦሎኛ መምህር ሺፒዮኔ ዴል ፌሮ አገኘውና ደበቀው። ያን ጊዜ ሊቃውንት በአደባባይ በጥያቄ እየተፋለሙ ነበር ስም የሚያወጡትና እንጀራ የሚያገኙት፤ ስለዚህ መፍትሔ እንደ መድኃኒተኛ ቅጠል ነበር፣ ለሰው አይነገርም። ዴል ፌሮ በ1526 ሲሞት ምስጢሩ ለተማሪው ፊዮር ቀረ። ፊዮር በዚያች አንዲት ቅጠል ተማምኖ በ1535 ኒኮሎ ታርታልያን ገጠመ። ታርታልያ ማለት ተብታባ ማለት ነው፤ በልጅነቱ የፈረንሳይ ወታደሮች ከተማውን ብሬሻን ሲወሩ ፊቱን በሰይፍ ተመትቶ ስለነበር ነው ስሙ የወጣለት። ሁለቱም ሠላሳ ሠላሳ ጥያቄ ተሰጣጡ። የፊዮር ሠላሳዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ኩብና ጎኖቹ። ታርታልያ የጊዜ ገደቡ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መንገዱን ራሱ አገኘው፣ ከዚያ ሠላሳዎቹንም በሁለት ሰዓት ውስጥ ጨረሳቸው። በኋላ ምስጢሩን ለጂሮላሞ ካርዳኖ በመሐላ ነገረው። ካርዳኖ ግን ዴል ፌሮ ቀድሞ አግኝቶት እንደነበር ከማስታወሻ ደብተሩ ካየ በኋላ በ1545 አሳተመው፤ ሁለቱ እስከ መጨረሻው ተቀያየሙ። ኩብና ስድስት ጎኖቹ 20 ይሆናሉ የሚለውም ካርዳኖ የሰጠው ምሳሌ ነው።

«እንዴት አገኘው ግን? ወረቀት ቆርጦ?»

ወረቀት አይበቃም፤ ኩብ ያስፈልጋል፣ አልኳት። ካርዳኖ ማስረጃውን ያቀረበው ኩብን በሦስት አቅጣጫ ሰንጥቆ ቁራጮቹን በመቁጠር ነው። ቁራጮቹ ስንትና ምን ምን እንደሆኑ ነገ ታስቢያለሽ ብዬያት ተኛሁ።

ጠዋት ስነሣ ኩሽና ውስጥ ቢላ ይዛ አገኘኋት። የልብስ ሳሙና ጠርባ ኩብ አድርጋዋለች። በየጎኑ አንድ አንድ ጊዜ፣ መሐል ለመሐል ሳይሆን ወደ ዳር አድርጋ ቆርጣ፣ ቁራጮቹን ጋዜጣ ላይ ደርድራለች፦ አንድ ትልቅ ኩብ፣ ሦስት ሰፋፊ ጠፍጣፋ፣ ሦስት ቀጫጭን ረጃጅም፣ አንድ ትንሽ ኩብ። ትንሿን በጣቷ አንሥታ «ጥጉ ይቺ ናት» አለችኝ።

እህቴ ከጓሮ፣ ልብስ ዘፍዝፋ፣ ተጣራች። «አንቺ ልጅ፣ ሳሙናው የት ነው ያለው?»

«ስምንት ቦታ፣ እማዬ!»